ዲ ላይ ያለ ፋይል ባክአፕ አይደለም

«ፋይሎችህን የት አስቀመጥካቸው?» ሲባል «ችግር የለም፣ ዲ ላይ ናቸው» ብሎ የሚመልስ ሰው ብዙ ነው። ሲ (C:) ዊንዶውስ የሚቀመጥበት የኮምፒውተሩ ክፍል ነው፣ ዲ (D:) ደግሞ ከእሱ ጎን ያለው። ልማዱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍ ወይም ቫይረስ ሲወርረው ጥገና ቤት ይወሰዳል፤ እዚያ ያለው ልጅ ሲን ብቻ ፎርማት ያደርግና፣ ማለትም ውስጡን አጥፍቶ፣ አዲስ ዊንዶውስ ይጭናል፤ ዲ ላይ ያለው ሳይነካ ይተርፋል። አንድ ሁለቴ እንዲህ ከተረፈ በኋላ ዲ የብረት ካዝና መስሎ ይታያል።

ችግሩ ሲ እና ዲ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዲስክ መሆናቸው ነው። በሶፍትዌር ለሁለት ተከፈለ እንጂ ውስጥ ያለው ዕቃ አንድ ነው። ዲስኩ ሲበላሽ ሁለቱም ይሄዳሉ። ላፕቶፑ ታክሲ ውስጥ ሲረሳ ሁለቱም ይሄዳሉ። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ የስታርት ምልክቱን በማውሱ ቀኝ በኩል ንኩትና «ዲስክ ማኔጅመንት» የሚለውን ክፈቱ። ሲ እና ዲ ሁለቱም «ዲስክ 0» በሚለው መስመር ላይ ተደርድረው ካያችኋቸው አንድ ዕቃ ናቸው ማለት ነው። ዲ «ዲስክ 1» ላይ ከሆነ ሁለት ዲስክ አላችሁ፣ ይሻላል፤ ግን እነሱም አንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው፤ ኃይለኛ መብራት ሲለቀቅ ወይም ሌባ ሲገባ አብረው ነው የሚሄዱት።

እንግዲህ ባክአፕ የምለው የፋይሉን ሌላ ቅጂ፣ ሌላ ዕቃ ላይ፣ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ የሚቀመጠውን ነው። ፋይሉን «ከት» አድርጎ ወደ ኤክስተርናል (በኬብል ወደሚሰካ የውጭ ዲስክ) ማዛወርም ባክአፕ አይደለም። ያ ቦታ መቀየር ነው፣ ቅጂው አሁንም አንድ ብቻ ነው። ላፕቶፑ ሲሞላበት ፎቶውን በሙሉ ኤክስተርናል ላይ አድርጎ ከላፕቶፑ ያጠፋና «ባክአፕ አለኝ» እያለ ተረጋግቶ የሚኖር ሰው ስንቱ ነው መሰላችሁ።

ምን ምን ይቀዳ?

ሁሉንም መቅዳት አያስፈልግም። ዊንዶውስ እንደገና ይጫናል። ኦፊስ፣ ክሮም፣ ቪኤልሲ እንደገና ይጫናሉ። «ፕሮግራም ፋይልስ» የሚለውን ፎልደር ኮፒ አድርጎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መለጠፍ ደግሞ አይሠራም፣ አትድከሙ። ፊልሙና ተከታታዩም ከሆነ ቦታ ይገኛል። የማይገኘው እናንተ የሠራችሁት ወይም የእናንተ ብቻ የሆነው ነው፦ የልጆች ፎቶ፣ የሰርግ ቪዲዮ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ሲቪ፣ የሒሳብ ሥራ፣ ስካን የተደረገ ዲፕሎማ፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ የቤት ካርታ።

እነዚህ በብዛት ያሉት ሲ ውስጥ «ዩዘርስ» የሚለው ፎልደር ውስጥ፣ በእናንተ ስም በተሰየመው ላይ ነው። ዴስክቶፕ፣ ዶክዩመንትስ፣ ፒክቸርስ፣ ዳውንሎድስ ሁሉም እዚያ ናቸው። አዎ፣ ዴስክቶፕ ላይ የምታዩት ፋይል ሁሉ ሲ ላይ ነው ያለው፤ ለዚህ ነው ፎርማት በተደረገ ቁጥር መጀመሪያ የሚለቀስለት እሱ የሚሆነው።

ሰው የሚረሳቸው ግን ሌሎች ናቸው።

የቴሌግራም ፋይል አንዱ ነው። ቴሌግራም ኮምፒውተራችሁ ላይ ካለ፣ ቦታውን እናንተ ካልቀየራችሁት በስተቀር የምታወርዱት ነገር «ዳውንሎድስ» ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» በሚል ፎልደር ይከማቻል። ከመሥሪያ ቤት የተላከ ውል፣ መምህር የላከው ሞጁል፣ ከእህት የመጣ ፎቶ፣ ሁሉም እዚያው ከቀልድ ቪዲዮ ጋር ተደባልቆ ይገኛል። መለየቱ አሰልቺ ነው። ካልቻላችሁ ሳትለዩ በጅምላ ቅዱት፣ ቦታ ቢይዝ ነው።

ሁለተኛው ፎንት ነው፤ የቆየ የአማርኛ ጽሑፍ ያላችሁ ሰዎች ይህን በደንብ ስሙኝ። የኢትዮጵያ ፊደል ኮምፒውተሮች በሚጋሩት የፊደላት ኮድ፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቢሮውና ጸሐፊው ግን ከዚያ በኋላም ለዓመታት የጻፈው በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች ነው። በእነዚያ የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የሚታየው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ብቻ ነው። ፋይሉ አለ፣ አይነበብም። ስለዚህ ሲ ውስጥ «ዊንዶውስ»፣ እሱ ውስጥ ደግሞ «ፎንትስ» ከሚለው ፎልደር የተጠቀማችሁባቸውን ፎንቶች ከሰነዶቹ ጋር አብራችሁ ቅዱ። ዋና ዋናዎቹን ደግሞ አሁኑኑ፣ ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር በእጃችሁ ሳለ፣ ፒዲኤፍ አድርጓቸው። ፒዲኤፍ ሲሠራ አብዛኛውን ጊዜ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ስለሚሄድ የትም ይነበባል። አባታችሁ በ1990ዎቹ ያስጻፉት የቤተሰብ ታሪክ ወይም የዕድሩ መተዳደሪያ ደንብ ካለ ከዚያ ጀምሩ።

ቤት ሆናችሁ የድርጅቶችን ሒሳብ በፒችትሪ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ የዳታ ፎልደሩን ዝም ብላችሁ ኮፒ አታድርጉ። ፒችትሪ ራሱ «ፋይል» በሚለው ሜኑ ውስጥ «ባክአፕ» አለው፤ የድርጅቱን ዳታ ጠቅልሎ አንድ ፋይል ያደርገዋል፣ በኋላ በ«ሪስቶር» ይመለሳል። ፕሮግራሙ ተከፍቶ እየሠራ ፎልደሩን መቅዳት ግማሹ የተጻፈ ግማሹ ያልተጻፈ ዳታ ሊሰጣችሁ ይችላል፣ ያ ደግሞ የሚታወቀው ኦዲተር ሲመጣ ነው። የትኛው ቨርዥን ላይ እንደተሠራም ፋይሉ ስም ላይ ጻፉ፤ በአዲሱ የተሠራ ዳታ በቆየው አይከፈትም።

የስልካችሁን ፎቶም አትርሱ። በወር አንዴ በኬብል ኮምፒውተሩ ላይ ገልብጡት፣ ከዚያ ከሌላው ጋር አብሮ ይቀዳል።

ዲስኩን ስትገዙ

ፍላሽ ለማጓጓዣ ነው እንጂ ለማስቀመጫ አይሆንም። ትንሽ ስለሆነ ይጠፋል፣ ኪስ ውስጥ ይታጠባል፣ ሰው ተውሶ ይቀራል። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ግዙ። ለአንድ ቤተሰብ 1 ቴራ ይበቃል፤ ቪዲዮ የምትሠሩ ከሆነ 2። 1 ቴራውን ስትሰኩት ኮምፒውተሩ 931 ጊጋ ቢላችሁ አልተታለላችሁም፤ ፋብሪካው የሚቆጥረው በ1000 ነው፣ ዊንዶውስ በ1024፣ ልዩነቱ ከዚያ የመጣ ነው።

የተታለላችሁት በፍላሽ ዋጋ «2 ቴራ» ከገዛችሁ ነው። እንደነዚህ ዓይነቶቹ ውስጣቸው ትንሽ ነው፣ መጠናቸውን ግን አጋንነው እንዲናገሩ ተደርገዋል። ኮፒ ስታደርጉ ምንም አይሉም። ፋይሎቹ በስማቸው ተደርድረው ይታያሉ፤ ልትከፍቱ ስትሉ ነው ባዶ የሚሆኑት። ስለዚህ አዲስ ዲስክ ስትገዙ መመለስ በምትችሉበት ጊዜ ውስጥ በማይቆጫችሁ ፋይል እስከ አፉ ሙሉትና መጨረሻ ላይ የተቀዱትን እየከፈታችሁ እዩ። ከተከፈቱ ጥሩ፣ ካልተከፈቱ ወደ ሱቁ።

ከድሮ ላፕቶፕ የተፈታ ዲስክ ኬዝ ውስጥ ከትቶ መጠቀምም አለ። ርካሽ ነው፣ እኔም አልቃወምም፣ ግን ዲስኩ ስንት ዓመት እንደሠራ ዕወቁ። «ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ» የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ስትከፍቱት የዲስኩን ጤንነትና ስንት ሰዓት እንደሠራ ይነግራችኋል። «ጉድ» (Good፣ ደህና) ካለ ተጠቀሙበት። «ኮሽን» (Caution፣ ጥንቃቄ) ካለ የፊልም ማስቀመጫ ይሁን፣ የልጆች ፎቶ አታድርጉበት። ይህን ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ውስጥ ላለው ዲስክም ሞክሩት፣ ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚያ ላይ ነው።

«ኤስኤስዲ ይሻላል ወይስ ሃርድ ዲስክ?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም። ኤስኤስዲ ውስጡ የሚሽከረከር ነገር የሌለው ዲስክ ነው፤ ፈጣን ነው፣ ቢወድቅም ይችላል። ግን ውድ ነው፣ ደግሞ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠ የያዘው ዳታ ሊሟሽሽ ይችላል። ተራው ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን ስላለው እየሠራ ከወደቀ አለቀለት፤ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ አታስቀምጡት፣ ኬብሉ የልጅ እግር እንዳይጠልፍ። ለባክአፕ እሱ ይበቃል። የተረፋችሁን ብር ሁለተኛ ዲስክ ግዙበት።

አንድ ነገር ከመቅዳታችሁ በፊት፦ የዲስኩ ፎርማት። የሰርግ ቪዲዮ ልትቀዱ ስትሉ «ፋይሉ ለዚህ ዲስክ ከመጠን በላይ ትልቅ ነው» የሚል መልእክት መጥቶባችሁ ዲስኩ ውስጥ ግን ሰፊ ቦታ ካለ፣ ዲስኩ ፎርማት የተደረገው በ«ፋት 32» ነው ማለት ነው። ፋት 32 ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ባዶ ሳለ «ኤክስፋት» ወይም «ኤንቲኤፍኤስ» በሚለው ፎርማት አድርጉት። ቤት ውስጥ ማክም ዊንዶውስም ካለ ኤክስፋት ይመቻል፣ ዊንዶውስ ብቻ ከሆነ ኤንቲኤፍኤስ። ፎርማት ውስጡ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ ትክክለኛው ዲስክ መሆኑን ሁለቴ አይታችሁ ንኩ።

ስትቀዱ

የመጀመሪያው ቀን ረጅም ነው። 200 ጊጋ ፎቶና ቪዲዮ ካላችሁ፣ በዩኤስቢ 3 በሰከንድ 100 ሜጋ ገደማ ከሄደ ግማሽ ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ ያልቃል። በዩኤስቢ 2፣ በሰከንድ 30 ሜጋ ሲሄድ ደግሞ ወደ ሁለት ሰዓት ይጠጋል። ትንንሽ ፋይል ሲበዛ ከዚህም ይዘገያል። ብዙ ኮምፒውተር ላይ የዩኤስቢ 3 መሰኪያ ውስጡ ሰማያዊ ነው፤ እዚያ ሰኩ።

መብራቱን አስቡበት። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይሙላ። ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ከሌላችሁ መብራት ጠፋ መጣ በሚልበት ቀን አትጀምሩ። ዲስክ እየተጻፈበት መብራት ሲሄድ የሚበላሸው የሚቀዳው ፋይል ብቻ ላይሆን ይችላል፣ የዲስኩ ማውጫ ራሱ ሊዘበራረቅ ይችላል። ሁልጊዜ «ኮፒ» እንጂ «ከት» አትበሉ የምለውም ለዚህ ነው፤ ኮፒ መሃል ላይ ቢቋረጥ ዋናው ቦታው ላይ አለ። መብራት ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ አንዳንዴ ከልኩ በላይ ይመጣል፤ እስኪረጋጋ ድረስ ከሶኬት ነቅላችሁ ጠብቁ።

ሲያልቅ ዝም ብላችሁ አትንቀሉ። ከታች በቀኝ በኩል ካለችው ትንሽ የዩኤስቢ ምልክት «ኢጀክት» የሚለውን ንኩ። ኮምፒውተሩ «አልቋል» ያላችሁን ፋይል አንዳንዴ ገና እየጻፈ ነው። «እየተጠቀሙበት ነው» ብሎ እምቢ ካለ የተከፈተ ፋይል አለ፤ ዝጉ፣ ካልሆነም ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ንቀሉ።

የፎልደር ስም ቀላል ነገር ይመስላል፣ አይደለም። በየወሩ የምትቀዱትን ዓመተ ምህረት፣ ወር፣ ቀን እያላችሁ በቁጥር ሰይሙት፤ ዓመቱ ከፊት ሲሆን ራሱ በተራ ይደረደራል። የኢትዮጵያን ወይም የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ምረጡና በአንዱ ጽኑ። ሁለቱን ቀላቅላችሁ ከጻፋችሁ «2017» የሚለው ፎልደር የትኛው 2017 እንደሆነ ከሦስት ዓመት በኋላ እናንተም አታውቁትም። «አዲስ ፎልደር»፣ «አዲስ ፎልደር 2»፣ «የመጨረሻ»፣ «እውነተኛ የመጨረሻ» የሚባለውን ተዉት በቃ።

በሁለተኛው ወር እዚያው የድሮው ፎልደር ላይ ደግማችሁ ስትቀዱ ዊንዶውስ «ይህ ስም ያለው ፋይል አለ፣ ልተካው ወይስ ልለፈው?» ይላችኋል። ለፎቶና ቪዲዮ «ስኪፕ» በሉ፣ ፎቶ አይለወጥም። ለሰነድ ግን ጠንቀቅ በሉ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ፋይል ተበላሽቶ ቢሆንና «ሪፕሌስ» ብትሉ ደህናውን ቅጂ በተበላሸው ተካችሁት ማለት ነው። ስለዚህ ለሰነዶች በየጊዜው አዲስ ባለ ቀን ፎልደር ክፈቱ። የጽሑፍ ፋይል ትንሽ ነው፣ የአንድ ዓመት ሥራ ከአንድ የሰርግ ቪዲዮ ያነሰ ቦታ ነው የሚይዘው።

ይህን ሁሉ በእጅ መሥራት ለሚሰለቸው ዊንዶውስ ውስጥ «ፋይል ሂስትሪ» የሚባል አለ፤ የዚህን ያህል ጠቃሚ ሆኖ እንዲህ የተረሳ ነገር አላየሁም። ዊንዶውስ 10 ላይ «ሴቲንግስ»፣ «አፕዴት ኤንድ ሴኩሪቲ»፣ «ባክአፕ» ብላችሁ «አድ ኤ ድራይቭ» በሚለው ኤክስተርናሉን ትመርጣላችሁ። ዊንዶውስ 11 ላይ «ኮንትሮል ፓነል» ከፍታችሁ ስሙን ብትፈልጉት ይመጣል፣ «ተርን ኦን» ብቻ ነው። ዲስኩ በተሰካበት ጊዜ ሁሉ፣ ካልቀየራችሁት፣ በየሰዓቱ የተለወጡትን ፋይሎች ይቀዳል። ደስ የሚለው የድሮውንም ቅጂ መያዙ ነው፦ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ሦስተኛ ምዕራፍ ትናንት አጥፍታችሁ ሴቭ አድርጋችሁ ከሆነ፣ ፋይሉን በቀኝ ንኩት፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ፕሪቪየስ ቨርዥንስ»፣ የትናንት በስቲያውን መልሱ። ነገር ግን የሚቀዳው ዴስክቶፕን፣ ዶክዩመንትስን፣ ፒክቸርስን፣ ሚውዚክንና ቪዲዮን ነው። ያ ዲ ላይ ያላችሁት ፎልደር ውስጡ የለም! ፎልደሩን በቀኝ ነክታችሁ «ኢንክሉድ ኢን ላይብረሪ» ካላላችሁት አያየውም።

ማክ ያላችሁ «ታይም ማሽን» ይበቃችኋል፤ ዲስኩን ሰክታችሁ ፈቃድ መስጠት ነው።

ዊንዶውስ 10ን ካነሳን፣ ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ያቋረጠው ኦክቶበር 14፣ 2025 እ.ኤ.አ. ነው። ኮምፒውተሩ መሥራቱን አያቆምም፣ ቫይረስ የሚገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው አፕዴት ግን ለተጨማሪ ድጋፍ ላልተመዘገበ አይመጣም። ይህ የሚመለከተን ቀጥሎ ባለው ጉዳይ ነው።

ቫይረሱ

ፍላሽ ሰክታችሁ ፎልደሮቻችሁ ሁሉ ሾርትከት ሆነው አግኝታችሁ ታውቃላችሁ? ፎቶ ኮፒ ቤት የሄደ ሰው ያውቀዋል። ያ ቫይረስ ዋናዎቹን ፎልደሮች ይደብቅና በእነሱ ስም ሾርትከት ይተካል፤ ሾርትከቱን ስትነኩ እሱ ነው የሚነሳው። ፋይሉ ብዙውን ጊዜ አልጠፋም፣ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ስታደርጉ ይወጣል። ደንቡ አጭር ነው፦ ለማተም የሚወጣው ፍላሽ ሌላ፣ ባክአፑ ሌላ። የባክአፕ ዲስክ ከቤት ኮምፒውተር በቀር ሌላ ቦታ አይሰካም። «ፊልም ልቀዳበት» ለሚል ጎረቤትም አይሰጥም፣ ይቀየሙ።

ከዚያ የከፋው ራንሰምዌር ነው። ፋይሎቻችሁን ቆልፎ ገንዘብ ይጠይቃል። በሜይ 2017 እ.ኤ.አ. «ዋናክራይ» የተባለው በጥቂት ቀናት ውስጥ በዓለም ዙሪያ መቶ ሺዎች ኮምፒውተር ሲቆልፍ፣ ለቀዳዳው መድፈኛ ከተለቀቀ ሁለት ወር ሆኖት ነበር፤ የተጎዱት ያልጫኑት ናቸው። የቤት ኮምፒውተር ላይ ግን በብዛት የሚገባው በክራክ ነው። ፎቶሾፑን ወይም ኦፊሱን በነፃ ለመክፈት ያወረዳችሁት ትንሽ ፕሮግራም «አንቲቫይረሱን አጥፉና አስነሱኝ» ካለ፣ ለምን እንዳለ ገምቱ። ራንሰምዌር የተሰካውን ኤክስተርናል ጭምር ይቆልፋል። ዲስኩ ቀዳችሁ ስትጨርሱ ይነቀል፣ መሳቢያ ይግባ። ፋይል ሂስትሪ የምትጠቀሙም በሳምንት አንድ ቀን ሰክታችሁ ማታ ንቀሉት፤ በየሰዓቱ ባይሆንም ይበቃል።

ከቤት ውጭ አንድ ቅጂ

አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ፒተር ክሮግ ያስለመደው ደንብ አለ፣ 3-2-1 ይሉታል፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። የመጨረሻዋ ናት የምትዘለለው። በማርች 10፣ 2021 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ያለው የሰርቨር አከራዩ ድርጅት የኦቪኤች የዳታ ማዕከል ሲቃጠል፣ ባክአፓቸውም እዚያው ግቢ ውስጥ የነበረ ደንበኞች ሁለቱንም አጥተዋል። ለቤት ሰው ከቤት ውጭ ማለት ቀላል ነው። ሁለተኛውን ዲስክ ሞልታችሁ እናታችሁ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጡ። በዓል በመጣ ቁጥር፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ ስትሄዱ አዲሱን ይዛችሁ አሮጌውን አምጡ። ውጭ ሀገር ያለ ወንድም ወይም እህት መጥቶ ሲመለስ የቤተሰቡን ፎቶ በአንድ ዲስክ ብትሰጡት ደግሞ እሱም ደስ ይለዋል፣ እናንተም ሌላ አህጉር ላይ ቅጂ አላችሁ።

በኢንተርኔትስ? ይሆናል፣ ግን ሒሳቡን ሥሩ። 200 ጊጋውን በሰከንድ 2 ሜጋ ቢት በሚልክ መስመር ብትጭኑ ሳይቋረጥ ከዘጠኝ ቀን በላይ ይፈጃል፣ በሞባይል ፓኬጅ ከሆነ ደግሞ ብሩን እናንተ አስሉት። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ የሚወጣው ትንሹና ውዱ ነው፦ ሰነድ፣ ስካን የተደረገ ማስረጃ፣ የተመረጡ ፎቶዎች። ጉግል 15 ጊጋ በነፃ ይሰጣል፣ ጂሜይልን፣ ድራይቭንና ፎቶስን አንድ ላይ ቆጥሮ። የማይክሮሶፍቱ ዋንድራይቭ 5 ጊጋ ነው። ጎግል ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተነካ አካውንት ከነውስጡ ሊሰረዝ ይችላል፣ «ለባክአፕ ብቻ» ብላችሁ ከፍታችሁ የረሳችሁት ካለ ገብታችሁ እዩት።

አንድ ወጥመድ አለ። ዋንድራይቭም ሆነ ጉግል ድራይቭ ከኮምፒውተሩ ጋር ሲያያዙ የሚያደርጉት ማመሳሰል ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ስታጠፉ እዚያም ይጠፋል። ቆሻሻ መጣያው ውስጥ 30 ቀን ይቆያል፣ ከዚያ በኋላ የለም። ጥፋቱን ካወቃችሁት በሁለተኛው ወር ከሆነ የሚመለስ ነገር አይኖርም።

ቴሌግራምን እንደ መጋዘን የሚጠቀም ሰው ብዙ ነው፣ እኔም ለአጣዳፊ ነገር አልጠላውም። «ሴቭድ ሜሴጅስ» ውስጥ እስከ 2 ጊጋ የሚደርስ ፋይል መላክ ይቻላል፣ በቁጥር አይገደብም። ፎቶ ስትልኩ ግን «እንደ ፋይል» ብላችሁ ላኩ፤ እንደ ፎቶ ከላካችሁ ጥራቱን ቀንሶ ነው የሚያስቀምጠው። ሰነዱንም የይለፍ ቃል ባለው ዚፕ ውስጥ አድርጋችሁ ላኩት፣ ስልካችሁን ያነሳ ሰው ሁሉ ዲፕሎማችሁን እንዳያገኝ። ሲም ካርዱ ከተሰረዘና ቁጥሩ ለሌላ ሰው ከተሰጠ ግን አካውንቱን ማጣት አለ፤ ለዚህ ብቸኛ ቅጂ አታድርጉት። የጉግል አካውንትም በስልክ ቁጥር ብቻ የተቆለፈ ከሆነ ተመሳሳይ ነው፤ «ባክአፕ ኮድስ» ከሚለው የሚሰጣችሁን 10 ኮድ በወረቀት አትማችሁ ከመታወቂያችሁ ጋር አስቀምጡ።

መመለሱን ሞክሩት

በጃንዋሪ 31፣ 2017 እ.ኤ.አ. ጊትላብ የተባለው የፕሮግራመሮች አገልግሎት ሠራተኛ በሌሊት ሥራ ላይ የተሳሳተውን ሰርቨር ዳታ አጠፋ። የባክአፕና የቅጂ ዘዴ አምስት ዓይነት ነበራቸው። ሲያዩት አንዱም በአስተማማኝ ሁኔታ አይሠራም ወይም ከመጀመሪያውም አልተዘረጋም። የዳኑት ከስድስት ሰዓት በፊት በአጋጣሚ ለሌላ ሥራ በተወሰደ ቅጂ ነው። የሙያው ሰዎች እንዲህ ከሆኑ፣ የእኛ መሳቢያ ውስጥ ያለው ዲስክ ሳይሞከር ይታመናል ብዬ አላምንም።

ሙከራው ቀላል ነው። በየጥቂት ወሩ ዲስኩን ሰክታችሁ ከየፎልደሩ አንዳንድ ፋይል ክፈቱ። ቪዲዮውን መሃሉና መጨረሻው ላይ አጫውቱ፣ መጀመሪያው ብቻ ደህና የሆነ ቪዲዮ ብዙ ነው። የአማርኛ ሰነዱ ይነበባል? ፒችትሪው ሪስቶር ይሆናል? ዲስኩ «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ካሰማ ሌላ ምንም ሳትሠሩ ያለውን ወደ ሌላ ገልብጡ፣ የቀረው ጊዜ አጭር ነው።

አዲስ ላፕቶፕ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር አረጋግጡ። ዊንዶውስ 11 በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈት ብዙ ላፕቶፕ ላይ ዲስኩን በ«ቢትሎከር» ራሱ ይቆልፋል፣ ባለቤቱ ሳያውቅ። ማዘርቦርዱ ከተቃጠለና ዲስኩን ፈታችሁ ሌላ ላይ ብትሰኩ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ይጠይቃችኋል። ቁልፉ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ተቀምጧል፤ ጥገና ቤት ያለው ልጅ አካውንቱን በራሱ ኢሜይል ከፍቶላችሁ ከሆነ ግን ቁልፉ ያለው እሱ ጋ ነው። ዛሬ ገብታችሁ እዩት፣ በወረቀት ገልብጡት።

ይህን የምታነቡት ፋይሉ ከጠፋ በኋላ ከሆነ፣ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን መጠቀም አቁሙ። የጠፋ ፋይል ሃርድ ዲስክ ላይ ወዲያው አይፋቅም፣ ቦታው «ባዶ» ተብሎ ይመዘገባል እንጂ፤ ሌላ ነገር ሲጻፍበት ነው በእውነት የሚጠፋው። እንደ «ሪኩቫ» ያለ መመለሻ ፕሮግራም የምትጭኑ ከሆነ ፋይሉ የጠፋበት ዲስክ ላይ አትጫኑት፣ በፍላሽ አስነሱት፣ የተገኘውንም ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። ኤስኤስዲ ከሆነ ተስፋው ትንሽ ነው፣ ዊንዶውስ የተሰረዘውን ቦታ ራሱ እንዲጸዳ ስለሚያዝ። ዲስኩ ፎርማት ተደርጎ አዲስ ዊንዶውስ ከተጫነበት ደግሞ ጥገና ቤቱ «እንሞክራለን» ቢላችሁም ቀድማችሁ ዋጋ ጠይቁ፣ ፋይሉ ካልተገኘ ይከፈላል ወይስ አይከፈልም የሚለውንም ከመስጠታችሁ በፊት ተነጋገሩ።